እያደገ ያለ የኦዲት ድርጅት፣ ዓለም አቀፍ ስም ያለው ተቋም ወይስ ባንክ? ለሒሳብ ባለሙያዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ እንዲሁም በአነስተኛ ቢሮ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቦታ መቀየር የሚያስብ ባለሙያ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ከሦስት ዓይነት ቀጣሪዎች አንዱን ነው። የመጀመሪያው የሠራተኛውም የደንበኛውም ቁጥር ከዓመት ዓመት የሚጨምርለት የአገር ውስጥ የኦዲትና የሒሳብ ድርጅት ነው። ሁለተኛው የዓለም አቀፍ የሙያ ተቋም አባል ሆኖ በዚያ ተቋም ስምና የአሠራር ሥርዓት የሚሠራው ነው። ሦስተኛው ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም ትልቅ ኩባንያ በፋይናንስ ወይም በውስጥ ኦዲት መምሪያው የሚያቀርበው ቦታ ነው። ይህ መመሪያ ሦስቱንም ያነጻጽራል፤ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ግን ለመጀመሪያው ነው። የሁለቱ ጥቅምና ጉዳት ሰው ከመግባቱ በፊት በአመዛኙ የሚታወቅ ሲሆን፣ እያደገ ያለ ድርጅት ግን እንደ ውስጥ አደረጃጀቱ ባለሙያ የሚወጣበትም ባለሙያ የሚዝልበትም ቦታ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱም ከውጭ ሲታይ በቀላሉ አይለይም።

የአገር ውስጥ ድርጅቶች ለምን እንደሚያድጉ መረዳት ለምርጫው ይረዳል። ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ በተለምዶ አይኤፍአርኤስ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችም በምዕራፍ ተከፍለው እንዲተገበሩ መርሐ ግብር ወጣ። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትላልቅ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በ2010 በጀት ዓመት እንዲጀምሩ፣ ሌሎቹም በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት እንዲከተሉ ነበር የታቀደው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምርና ወጋገን ባንክ አክሲዮኑን በመጀመሪያ ሲያስመዘግብ፣ ሌሎች ኩባንያዎችም ሒሳባቸው በባለሀብት ዓይን የሚመረመርበት ጊዜ እየቀረበ መሆኑን ተረዱ። ይህ ሁሉ ለሙያው መልካም ነው። ነገር ግን ሥራው የመጣው በሕግ አስገዳጅነት፣ ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ድርጅት አዲስ ደንበኛን በአንድ ጨረታ ሊያገኝ ይችላል፤ የሌላውን ሰው ፋይል አንብቦ የሚያርም ሲኒየር ኦዲተር ግን በሦስትና በአራት ዓመት ነው የሚወጣው። ከዚህ በታች የሚነሱት ደስታዎችም ችግሮችም አብዛኞቹ የሚመነጩት በእነዚህ ሁለት ፍጥነቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው።

እያደገ ያለ ድርጅት የሚሰጠው

ትልቁ ስጦታ የሥራው ስፋት ነው። በእንዲህ ያለ ድርጅት የተቀጠረ ጀማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ፋይል የማየት ዕድል አለው፤ ከባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ተነሥቶ፣ የቋሚ ንብረት መዝገብና የእርጅና ቅናሽ ስሌትን አልፎ፣ የትርፍ ግብር ማስታወቂያንና የሒሳብ መግለጫ ማብራሪያዎችን እስከ ማርቀቅ ይደርሳል። በአንድ ወቅት ውስጥ አስመጪ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የአበባ እርሻ፣ የሕንፃ ተቋራጭና ግብረ ሰናይ ድርጅት ሊደርሱት ይችላሉ። ሰኔ 30 ቀን በአንዱ መጋዘን ቆሞ ዕቃ ሲቆጠር ይታዘባል፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ያ ቆጠራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ካለው አኃዝ ጋር ለምን እንዳልተስማማ ከባለቤቱና ከሒሳብ ሹሙ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። በትልቅ ተቋም ይህን የመሰለውን ንግግር የሚያካሂዱት ከእርሱ ሁለትና ሦስት ደረጃ ከፍ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ስጦታ ቅርበት ነው። ሪፖርቱን የሚፈርመው ባለሙያ እዚያው ቢሮ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጀማሪው አንድ አስተያየት ለምን እንደተለወጠ ወይም አንድ ደንበኛ ለምን እንዳልተቀበሉት በቀጥታ ጠይቆ ሊረዳ ይችላል። የደረጃ ዕድገትም የሌላውን ሰው መልቀቅ አይጠብቅም፤ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቡድን የሚመራ ሰው ስለሚያስፈልግ፣ ትጉህ የሆነ ሰው በሌላ ቦታ አምስት ዓመት የሚወስድበትን ኃላፊነት በሁለት ዓመት ሊረከብ ይችላል። የአሠራር ማኑዋል፣ የፋይል አደረጃጀት፣ የጀማሪዎች ሥልጠና የሚዘጋጁትም በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ ሐሳብ ያለው ወጣት ለዓመታት የሚቆይ አሻራ ይተዋል። እንደ እኔ እምነት ለሙያ ብስለት ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አይገኝም፤ ይህን የምለው ግን አንድ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው፤ ሥራውን ተከታትሎ የሚያርም ሰው ሲኖር።

እያደገ ያለ ድርጅት የሚያስከፍለው

የመጀመሪያው ክፍያ ወቅቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያቸውን ዓመቱ ካበቃ በኋላ በአራት ወር ውስጥ ማቅረብ ስላለባቸው፣ የኦዲት ሥራው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባሉት ወራት ይከማቻል። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት በዚሁ መካከል ነው። ሒሳባቸውን በፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ የሚዘጉ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና የውጭ ፕሮጀክቶች ያሉት ቢሮ ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ሁለተኛ የሥራ ጫና ይገጥመዋል። ለድርጅቱ ባለቤቶች ሁለቱን ዓይነት ደንበኞች መያዝ ገቢው ዓመቱን በሙሉ እንዲከፋፈል ያደርጋል፤ ለሠራተኛው ግን በሁለቱ ወቅቶች መካከል የነበረው የዕረፍትና የጥናት ጊዜ ይጠብበታል። ስለዚህ አመልካቹ «ሥራ የሚበዛው መቼ ነው?» ከማለት ይልቅ፣ ከደንበኞቹ ስንቶቹ ሒሳባቸውን በሰኔ፣ ስንቶቹ በታኅሣሥ እንደሚዘጉ ቢጠይቅ የዓመቱን መልክ አስቀድሞ ያውቃል።

ከሰዓት ብዛት ይልቅ የበለጠ የሚጎዳው ግን የክለሳ መጥፋት ነው። አይኤስኪውኤም 1 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥራት አስተዳደር ደረጃ ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆን፣ የኦዲት ድርጅት አዲስ ደንበኛ ከመቀበሉ በፊት ሥራውን በአግባቡ ለመሥራት የሚያስችል የሰው ኃይልና ጊዜ እንዳለው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። በተግባር ግን በጨረታ ዋጋ እየተፎካከረ የሚያድግ ድርጅት ይህን ጥያቄ ለራሱ ሳያቀርብ ደንበኛውን ሊቀበል ይችላል። ያኔ የሚሆነው ይህ ነው፤ አንድ ሲኒየር አምስትና ስድስት ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ይመራል፤ ጀማሪው ያዘጋጀው የሥራ ወረቀት፣ ማለትም የሠራውን ምርመራና ያገኘውን ማስረጃ የመዘገበበት ሰነድ፣ ሳይነበብ ይከማቻል፤ የጥቅምት መጨረሻ ሲደርስ ፋይሎቹ በጅምላ ለፈራሚው ይቀርባሉ፤ እርሱም የመጨረሻዎቹን አኃዞች አይቶ ይፈርማል። በዚህ መንገድ የሠራ ሰው ናሙና የመረጠበት መንገድ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ከተሰብሳቢ ሒሳቦች ላይ የጻፈው መደምደሚያ በቂ ማስረጃ ይኑረው አይኑረው ማንም አይነግረውም። በየዓመቱ ያንኑ ያልታረመ ጉድለት ይዞ ይቀጥላል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ ግን ሦስት ዓመት ተብሎ ይጻፍለታል። በሙያችን ከደመወዝ ማነስ የከፋ ጉዳት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ሰውየው ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ሥራው በሌላ ዓይን ሲታይ ነውና።

ሦስተኛው ጉዳይ የነጻነት ጥያቄ ነው። የሚያድጉ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሒሳብ ምዝገባ፣ የግብር ምክርና የኦዲት አገልግሎት አብረው ይሰጣሉ። የአንድን ደንበኛ ሒሳብ አዘጋጅቶ ያንኑ ሒሳብ ኦዲት ማድረግ የራስን ሥራ ራስ መመርመር ስለሚሆን፣ የሙያው ሥነ ምግባር ደንብ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ እንደ ባንክ ላሉ የሕዝብ ጥቅም ላለባቸው ድርጅቶች ደግሞ ፈጽሞ ይከለክለዋል። ጀማሪው ጠዋት መዝጋቢ፣ ከሰዓት በኋላ ኦዲተር እንዲሆን የሚጠየቅበት ቢሮ፣ ቶሎ ቢያድግም እንኳ ስሙን በዚያ ቢሮ ላይ ለሚመሠርት ሰው አይመከርም።

የትርፍ ሰዓት ነገርም በግልጽ መነሣት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራን ለአስቸኳይ ሁኔታዎች ብቻ ሲፈቅድም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዝዛል። ክፍያው በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ነጥብ ሰባት አምስት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በሙያ ድርጅቶች ውስጥ ይህ ክፍያ «ወቅቱ ነው» በሚል ቃል ሲታለፍ፣ ወይም በማካካሻ ዕረፍት ሲተካ፣ ዕረፍቱም በሚቀጥለው ሥራ ሲዋጥ ይታያል። ፈጣን የማዕረግ ዕድገትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ስለሚያደርግ፣ ሳይዘጋጅ «ማናጀር» የተባለ ሰው የትርፍ ሰዓት ጥያቄውን በፈቃዱ የተወ ሊመስለው ይችላል፤ ይሁንና ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለውን ሰው ነውና፣ የማዕረጉ ስም ብቻውን መብትን አያስቀርም።

ዓለም አቀፍ ስም ያለው ተቋም

በዚህኛው ምርጫ የሚገኘው ዋናው ጥቅም የተዘጋጀ ሥርዓት ነው። የኦዲት ዘዴው፣ ሶፍትዌሩ፣ የየደረጃው ሥልጠና፣ ፋይል የሚከለስበት ቅደም ተከተል አስቀድሞ ተወስኗል፤ ጀማሪውም ጥሩ የሥራ ወረቀት ምን እንደሚመስል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያያል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄዶ በሙያው መቀጠል ለሚያስብ ሰው ደግሞ፣ የማያውቀው ቀጣሪ ሳይቀር የሚያውቀው ስም በማመልከቻው ላይ መኖሩ ብዙ ማብራሪያ ያስቀርለታል። በአንጻሩ ሥራው ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ በትልቅ ባንክ ኦዲት ላይ የተመደበ ጀማሪ አንድን የሒሳብ ርዕስ ብቻ ይዞ ወቅቱን ሊጨርስ ይችላል፤ የሥራ ሰዓቱም ከአገር ውስጥ ድርጅት ያነሰ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የዓለም አቀፍ ተቋማት አባል ድርጅቶች በየአገሩ ራሳቸውን ችለው በሕግ የተቋቋሙ፣ የየራሳቸው ባለቤቶች ያሏቸው ናቸው። ስሙና ዘዴው የጋራ ቢሆንም፣ የቢሮው ስፋት፣ የክፍያው መጠንና የአስተዳደሩ ጥራት ግን የአዲስ አበባው ቢሮ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ አባል ድርጅት ራሱ በፈጣን ዕድገት ላይ ያለ ስለሆነ፣ ከላይ ስለ ክለሳ መጥፋት የተነሣው ሥጋት እርሱንም ይመለከተዋል።

ባንክና ትልቅ ኩባንያ

ለኑሮ መረጋጋት ባንክ ይበልጣል። የደመወዝ እርከኑ የታወቀ ነው፤ ብዙ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤትና የመኪና ብድር ያመቻቻሉ፤ ትርፋማ በሆነ ዓመት ቦነስ ይሰጣሉ፤ ሕክምናውም ቢሆን የተሻለ ነው። ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ወይም ወላጆቹን ለሚጦር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሙያ ዕድገት ሲባል ብቻ እንዲተወው መምከርም ተገቢ አይሆንም። ጡረታው በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ልዩነት የሚመጣው መዋጮው በሚሰላበት ደመወዝ ላይ ነው። ከክፍያው ብዙውን በአበል መልክ የሚሰጥ ድርጅት ዛሬ ኪስ የሚሞላ ቢመስልም፣ መዋጮው የሚሰላው በደመወዙ ላይ በመሆኑ የነገውን ጡረታ ያሳንሳል። የባንክ ድክመቱ የሥራው መደጋገም ነው፤ በአንድ የማስታረቂያ ዴስክ ላይ የተመደበ ሰው ካልተዛወረ በቀር ዓመታቱ ቢጨምሩም የሚያውቀው ነገር እምብዛም አይጨምርም። ከባንክ ወደ ኦዲት ድርጅት መሻገርም ከኦዲት ወደ ባንክ ከመሻገር ይከብዳል፤ ምክንያቱም በባንክ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው በኦዲት እንደገና ከጀማሪነት እንዲነሣ ሊጠየቅ ይችላል።

የሙያ ፈተና ለሚወስድ

ኤሲሲኤ የተባለው የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ለሚማር ሰው ምርጫው በፈተናው የጊዜ ሰሌዳም መመዘን አለበት። ለብቃት ማረጋገጫው 13 ፈተናዎችና የ36 ወር የተግባር ልምድ ይፈለጋል፤ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እስከ ዘጠኝ ፈተና ድረስ ነጻ የሚሆኑ አሉ። ፈተናዎቹ በዓመት አራት ጊዜ ሲሰጡ፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት፣ በግንቦት፣ በነሐሴና በኅዳር መጨረሻ አካባቢ ይውላሉ። ይህን ከኦዲት ወቅቱ ጋር ብናስተያየው የነሐሴው በሥራው እምብርት ላይ ይወድቃል፤ የኅዳሩ ከጥቅምት ድካም በኋላ አንድ ወር ብቻ ይተዋል፤ የየካቲቱ ግብረ ሰናይ ደንበኞች ላሉት ቢሮ ሁለተኛው ጫና ውስጥ ነው። ለኦዲተር የሚመቸው የግንቦቱ ነው ማለት ይቻላል። በዓመት ሁለት ፈተና የማለፍ ዕቅድ ያለው ሰው የጥናት ፈቃድ በውሉ ላይ የሚጽፍ ቀጣሪ ካላገኘ ዕቅዱ ይዘገያል። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወጪውን የሚሸፍን ቀጣሪ የሚሰጠው ጥቅም ከበፊቱ በእጅጉ ከፍ ብሏል። የተግባር ልምዱን አይቶ የሚፈርመውም ራሱ ብቁ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አለበት፤ በቢሮው እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ሳያረጋግጡ መግባት ወራትን ያባክናል።

ውል ከመፈረም በፊት

እያደገ ያለ ድርጅት የቅጥር ግብዣ ካቀረበልዎ፣ ደመወዙን ከመጠየቅዎ በፊት ሪፖርት የመፈረም ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ስንት እንደሆኑና ባለፈው ወቅት ስንት ሪፖርት እንደተፈረመ ይጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ የሚፈርምበት ቢሮ ደንበኞቹ ሲበዙ ሥራው የት ላይ እንደሚታነቅ ለመገመት አያስቸግርም። ቀጥሎ የሲኒየሮቹ ቁጥር ከጀማሪዎቹ ጋር ምን ያህል እንደሚመጣጠን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የለቀቁት ከየትኛው ደረጃ እንደነበሩ ይወቁ። ጀማሪዎች መልቀቃቸው የተለመደ ነው፤ ሲኒየሮቹ በተከታታይ የለቀቁበት ቢሮ ግን የሚያስተምር ሰው እያጣ ነው። ከተቻለም በዚያ ከሚሠራ ሰው ጋር ተገናኝተው፣ የደንበኛን ምሥጢር ሳይነካ፣ የሥራ ወረቀቱ ላይ ምን ያህል የክለሳ አስተያየት እንደሚጻፍለት ይጠይቁት። ብዙ አስተያየት የሚጻፍበት ቢሮ ለጊዜው የሚያስመርር ቢመስልም የሚፈለገው እርሱ ነው። ሥልጠና ወይም የፈተና ክፍያ ከተሸፈነልዎ፣ ስንት ጊዜ የማገልገል ግዴታ እንደሚያስከትልና ቢለቁ የሚመለሰው ገንዘብ እንዴት እንደሚሰላ በጽሑፍ ይስፈር።

መልሶቹ አጥጋቢ ከሆኑ፣ ገና ለጀመረና የቤተሰብ ኃላፊነት ላልከበደው ሰው እያደገ ያለውን ድርጅት ከሦስቱ አስቀድሜ እመክራለሁ። መልሶቹ አጥጋቢ ካልሆኑና ዓለም አቀፍ ስም ያለው ተቋም ቦታ ከሰጠ፣ በዚያ ሥርዓቱን ተምሮ በሲኒየርነት ወደ አገር ውስጥ ድርጅት መምጣት የተሻለ መንገድ ነው። ባንኩ ለመጀመሪያ ቦታነት የሚመረጠው የገቢ መረጋጋት ከሁሉ ለሚቀድምበት ሰው ነው፤ ለሌላው ከኦዲት በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ ያኔ ሲገቡ ደረጃውም ከፍ ያለ ይሆናል። ኦዲት ከሚያደርጉት ደንበኛ የቅጥር ጥያቄ ከመጣልዎ ግን፣ ድርድር ከመጀመርዎ በፊት ለድርጅትዎ ማሳወቅ የሙያው ሥነ ምግባር ግዴታ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ሆነው ለመልቀቅ ለወሰኑ ደግሞ፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚጠበቅበት፣ ካልሰጠም ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል። ማስጠንቀቂያውን በኅዳር ወይም በሚያዝያ መስጠት ፋይሎቹን አጠናቆ ለማስረከብ ያመቻል፤ የተግባር ልምድ መዝገብዎንም የቅርብ አለቃዎ እዚያው ሳሉ ያስፈርሙ፤ ከለቀቁ በኋላ፣ በተለይም ፈራሚው ራሱ ከለቀቀ፣ ይህን ፊርማ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።